ጥርሱን ያስተከለው ሣጥን

ባንታየሁ ሰው ሲያወራለት በጆሮው ብቻ አይሰማም፤ በቅንድቡም ይሰማል፣ በትንፋሹም ይሰማል። ነገሩ ከጣመው አገጩን ቀና፣ ቅንድቡን ብድግ ያደርግና ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እህ!» ይላል። ያገሩ ሰው ሁሉ «አዎን» የሚለው እንዲሁ ነው፤ የሱ ግን ይብሳል። ጥሩ ግጥም የሰማ ቀንማ ቅንድቡ ግንባሩን አቋርጦ ማጅራቱ ላይ ሊያርፍ ምንም አይቀረው። ናይሮቢ ላይ ከሚያድርባት ክፍል ሊያስወጣው የነበረውም ይኸው ቅንድቡ ነው።

ሰውየው የደብረ ታቦር ልጅ ነው። በጦር ሠራዊት ንብረት ክፍል ብርድ ልብስ ሲያድል ጎልማሳ ሆነ፤ መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ አድርጎ ኬንያ ገባ። ድንበር ላይ ሌላው ወርቁን በመቀነቱ፣ ሰነዱን በጫማው ሲደብቅ፣ ባንታየሁ የተሸከመው ግጥም ብቻ ነበር። ፈታሹ ከላይ እስከ ታች ዳብሶ ምንም ቢያጣበት «ሂድ፣ አንተስ ባዶ ነህ» ብሎ አሳለፈው። እሱ ግን ሙሉ ነበር። የሠርጉን፣ የለቅሶውን፣ የደቦውን፣ የፉከራውን ስንኝ እንደ ብርድ ልብሱ አጣጥፎ በሆዱ ደርድሮታል፤ ለጠየቀው ሁሉ ያድላል፣ ላልጠየቀውም ይጨምራል።

ያልተሰጠው ድምፅ ነው። አፉን ከፍቶ ሲያዜም ገንቦ ውስጥ የወደቀች ድመት ይመስላል፤ ይህን ራሱም ያውቃል። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ከአዝማሪ ፊት ተቀምጦ «ተቀበል!» ሲል ነው የኖረው። እሱ ስንኙን በንግግር ይወረውራል፣ አዝማሪው ይቀበልና በማሲንቆ ያዜመዋል። ሽልማቱ ለአዝማሪው፣ እርካታው ለባንታየሁ።

ናይሮቢ ከገባ ወዲህ «ተቀበል» የሚለው ኪሊማኒ፣ በወይዘሮ የሺወርቅ ምግብ ቤት ነበር። የሺወርቅ የባቲ ልጅ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ስትቆጣ የሚፈላ ድስት ሳይቀር ፀጥ የሚልላት ሴት። ባንታየሁ ገበያ ይወጣላታል፣ ሒሳብ ይቀበልላታል፣ ሰካራም ይሸኝላታል፤ ሲመሽም ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ጎኑን ያሳርፋል። ከዚያች ክፍል ሌላ መግቢያ የለውም። ይወዳት ነበር። ይህን ግን ከሱና ከትራሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አዝማሪው «ፕሮሰሴ አለቀልኝ» አለና ማሲንቆውን አቅፎ ወደ አውስትራሊያ በረረ። በዚያው ሰሞን አሮጌው ማቀዝቀዣም አንድ ሌሊት ሲያቃስት አድሮ ዝም አለ። የሺወርቅ ያዘነችው ለማቀዝቀዣው ነበር።

«አዝማሪው ይሂድ፣ በጾም ማን ይዘፍናል? ለፋሲካ ሥጋውን የት አባቴ ላድርገው?» አለች። ላቪንግተን ሰፈር አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ዕቃዋን በሐራጅ ሸጣ አገሯ ልትገባ ነው ሲባል ሰማችና፣ ባንታየሁን ገንዘብ አስይዛ «ማቀዝቀዣ፣ ማቀዝቀዣ ብቻ!» ብላ ላከችው።

የአሮጊቷ ንብረት ሣሩ ላይ ተደርድሯል። ማቀዝቀዣው ነጭና ግዙፍ ሆኖ ከጃካራንዳው ሥር እንደ ሙሽራ ቆሟል፤ ተራው ግን ገና ነው። ባንታየሁ ወንበር ስቦ ከፊት ተቀመጠ። አጫራቹ፣ ከረባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ ሰው፣ አንድ የቀላ የእንጨት ሣጥን አስመጣና በጎኑ የተሰካውን እጀታ ጠመዘዘ። ሣጥኑ ዘፈነ።

ባንታየሁ ጆሮውን አላመነም። ትዝታ ነው! የፈረንጅ ሣጥን፣ በእንግሊዝ አሮጊት ግቢ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በትዝታ ቅኝት ያንጎራጉራል! ቃል የለውም፤ ለቃል የሚሆን ቦታ ግን እዚህም እዚያም ትቷል። «እህ!» አለ ባንታየሁ ቅንድቡን ብድግ አድርጎ። አጫራቹ በመዶሻው ጠቆመውና አንድ ነገር ጮኸ። ዜማው ዞረ፤ «እህ!» አለ አሁንም። አጫራቹ ባሰበት። ዜማው ወደ ማለቂያው ሲያዘቀዝቅ የባንታየሁ ልብ አብሮ አዘቀዘቀ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እህ! እህ!» አለ። መዶሻው ወረደ።

ከጎኑ የተቀመጠ ባለባርኔጣ ሽማግሌ እጁን ጨበጠው። «ከአንተ በቀር ይህን ሣጥን የፈለገው የለም» አለው፣ በሚገባው እንግሊዝኛ ቀስ አድርጎ። «በራሱ ዋጋ ላይ ራሱ እየጨመረ ያሸነፈ ሰው ስመለከት የመጀመሪያዬ ነው።»

ገንዘቡ ለሣጥኑ ስለሄደ ማቀዝቀዣውን ሌላ ሰው ወሰደው። ባንታየሁ ምኮኮቴኒ የሚሏትን በሰው የምትገፋ ጋሪ ተከራይቶ፣ ሣጥኑን በሁለት እጁ ደግፎ ቁልቁል ወደ ኪሊማኒ ወረደ። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋበታል። ጋሪዋ ጉድጓድ በረገጠች ቁጥር ሣጥኑ ከውስጥ «ትን» ይላል፤ ባንታየሁም «እህ» ይለዋል።

የሺወርቅ በር ላይ ጠበቀችው።

«ምነው፣ ማቀዝቀዣው አነሰሳ?»

«እትዬ የሺ፣ ማቀዝቀዣ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«አዝማሪ ነው።»

ኤልሳቤት፣ እዚያው ናይሮቢ ያደገችው አስተናጋጅ፣ ክዳኑን ከፍታ ወደ ውስጥ አጮለቀችና በስዋሂሊ ማለች። «ጋሼ፣ ሃኪ ያ ሙንጉ፣ እዚህ ውስጥ አንድ ቲማቲም እንኳ አይገባም!»

የሺወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ዝቅ ስታደርገው ነው የምታስፈራው። «ስማኝ ባንታየሁ። ጾም ስለሆነ እስከ ፋሲካ ታግሼሃለሁ። እስከ ፋሲካ ይሄ ሣጥን ማቀዝቀዣዬን ካልተካ፣ እሱን በጭንቅላትህ፣ ፍራሽህን በብብትህ ይዘህ ትወጣልኛለህ።»

ባንታየሁ ሣጥኑን ወደ ክፍሉ አስገባና፣ ሊያስወጣው የመጣውን ነገር ሆዱን ከፍቶ ያጠናው ጀመር። ከክዳኑ ሥር ትልቅ የብረት ዝርግ ሳህን ተኝቷል። ሳህኑ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ ከየቀዳዳው የተቆረጠው ብረት ግን አልወደቀም፣ ወደ ታች ታጥፎ ጥፍር ሆኗል። ከሳህኑ በታች የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ መዘውሮች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። ከኮከቦቹ አጠገብ ደግሞ የብረት ሚዶ አለ፤ ጥርሶቹ ከረጅም ወደ አጭር እየወረዱ የተደረደሩ። ሳህኑ ሲዞር ጥፍሩ የኮከቡን ጫፍ ይገፋል፤ ኮከቡ ሲዞር በሌላው ጫፉ የሚዶውን ጥርስ ቆንጠር አድርጎ ይለቃል፤ የተለቀቀው ጥርስ ይንቀጠቀጣል። ዜማ የሚሉት ያንን መንቀጥቀጥ ነው። ረጅሙ ጥርስ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ያው ጥርስ ዳግመኛ ከመቆንጠሩ በፊት አንዲት ስስ ብረት ጠጋ ብላ «እሽ» ታሰኘዋለች፤ እሷ ባትኖር እርስ በርሱ ይንጫጫ ነበር። ሁሉን የሚያዞረው በእጀታው የሚጠመዘዝ ሞላ ነው። ሞላው ጉልበቱን ባንዴ እንዳይረጨው ደግሞ ቢራቢሮ የምታክል ባለሁለት ክንፍ ነገር እየተሽከረከረች አየሩን ትቀዝፋለች፤ አየሩ ይይዛታል፣ እሷ ሞላውን ትይዛለች።

«አሃ» አለ ባንታየሁ። «ጥፍሩ ግጥም ሰጪ ነው፤ እኔ ማለት ነው። ኮከቡ ተቀባይ ነው። ጥርሱ ጉሮሮ ነው።» እንዲህ ተስማምተው የሚኖሩ ሦስት ፍጥረታት አይቶ ስለማያውቅ ልቡ ተነካ። ሚዶው ላይ እዚህና እዚያ የረገፉ ጥርሶች እንዳሉም አየ። ኮከቡ እነሱ ጋ ሲደርስ ባዶ አየር ቆንጥሮ ያልፋል። ለቃል የተተወው ቦታ ያ ነበር። ሳህኑ ላይ የሰፈረው የጀርመን ዳንኪራ ኖሯል፤ ጥርሶቹ ሲረግፉ ለትዝታ የማይሆኑት ድምፆች አብረው ረገፉና፣ የቀረው ሐበሻ ሆነ። ይህን ምስጢር ግን ባንታየሁ ገና አልደረሰበትም።

በማግስቱ ሣጥኑ ከሳሎኑ ጥግ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ከተሰበሰቡት ደንበኞች አንዱ አቶ አወቀ ነበር፤ ሳውዝ ሲ የሚኖር፣ ሽሮ ለመብላት ከተማውን አቋርጦ የሚመጣ፣ ሰው ካልጎነተለ እህል የማይረጋለት ሰው።

«ጾም ነው፤ በቤቴ ዘፈን አይሰማም» አለች የሺወርቅ።

«ወይዘሮ የሺ፣ ቃል የሌለው ዘፈን ዘፈን አይባልም» አለ አወቀ። «ኃጢአቱ ያለው ቃሉ ላይ ነው። ይሄ ምስኪን ምን አለ? ምንም አላለ።»

«ቃሉን በልባችሁ ካስገባችሁበትስ?»

«እሱማ በየግላችን ንስሐ የምንገባበት ነው።»

እጀታው ተጠመዘዘ፤ ትዝታው ፈሰሰ፤ ሰዉ ሹካውንም ጣቱንም አቆመ። እኩሌታው ላይ ቢራቢሮዋ ተነከሰችና ሣጥኑ ዝም አለ። አወቀ ጊዜ አላጠፋም። ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ «ተቀበል!» አለ፦

«ማቀዝቀዣ ልካው ሣጥን ይዞ መጣ፣
እንዲህ ያለ ገዢ ከየት አገር ወጣ?»

ጠረጴዛው ሲመታ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ቢራቢሮዋ ተላቀቀች፣ ሣጥኑም ካቆመበት ቀጠለ።

«ተቀበለ!» አለ ቤቱ በሙሉ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ወግ ሆነ። ቢራቢሮዋ ትያዛለች፣ አንዱ ተነሥቶ ግጥም ይሰጣል፣ ጠረጴዛ ይመታል፣ ሣጥኑ ይቀበላል። ግጥሙ በንግግር ስለሆነ ዘፈን አይደለም፤ ዜማው ቃል ስለሌለው ዘፈን አይደለም፤ ሁለቱን ያገናኘ ሰው ግን እንባው ሽሮው ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር። ከኢስሊ የሚመጡ ነጋዴዎች፣ የወረቀት ጉዳይ ያንከራተታቸው ስደተኞች፣ የመሥሪያ ቤት ሾፌሮች ወንበር እስኪያንስ ይጎርፉ ጀመር። አንዲት በየቢሮው ደጅ ስትጠና የከረመች ሴት የሣጥኑን ባዶ ድድ አይታ እንዲህ ብላለች፦

«ጥርሱ የረገፈው ምን ነክሶ ነው ቢሉ፣
የሰው አገር ዳቦ ድንጋይ ነው አመሉ።»

የዚያን ቀን ባንታየሁ «እህ» ሲል ትንፋሹ ሊመለስ አልቻለም፤ ኤልሳቤት ጀርባውን መታችው። የሺወርቅም ልቧ እየላላ ሄደ። «ከማቀዝቀዣው በአንድ ነገር ይሻላል» አለች አንድ ቀን ድንገት፣ «መብራት አይበላም።» ባንታየሁ ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዞ ሄዶ ለትራሱ ነገረው።

እዚያ ላይ ቢበቃው ምን ነበረበት! ህልመኛ ሰው ግን የያዘው አይበቃውም። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ የሺወርቅ «አሁንስ ቃል አልባውም ይብቃ» ብላ ሣጥኑን ጨርቅ አለበሰችው። ባንታየሁ ከስግደት ሲመለስ በተሸፈነው ሣጥን ፊት ቆሞ ያስብ ጀመር። ጥርሱ የጎደለ እንዲህ ካስለቀሰ፣ ጥርሱ የሞላ ምን ሊያደርግ ነው? ለፋሲካ ሙሉ አፍ ይዞ ቢያዜም፣ ከየሺ ቤት የሚያስወጣው ማን አባቱ ነው?

ሣጥኑን ከነጨርቁ ተሸክሞ መሐል ከተማ ወደሚገኝ አንድ ህንዳዊ ሰዓት ሠሪ ወሰደው። ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ጠርጎ ሚዶውን ዳሰሰ፣ የጎደለውን ጥርስ በብረት ቀርጾ፣ ሞርዶ፣ በየቦታው በየደ፤ ቢራቢሮዋንም ዘይት ቀባት። ቅዳሜ ሊረከብ ሲመጣ ሰዓት ሠሪው «ላሰማህ?» አለና እጁን ወደ እጀታው ሰደደ።

ባንታየሁ ደነገጠ። «የለም፣ የለም! ጌታ መቃብር ውስጥ ነው።»

ህንዱ ግራ ገባው። «የትኛው ጌታ?»

«ነገ ይነሣል፤ ያን ጊዜ እሰማዋለሁ።»

ሰውየው ደንበኛው እንግዳ ሃይማኖት እንዳለው በአክብሮት ተቀብሎ ሣጥኑን አስረከበው።

ፋሲካ ባተ። ማቀዝቀዣ ስለሌለ ፍየሎቹ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ጓሮ ከነነፍሳቸው ታስረው ቆይተው ነበር፤ «ነፍስ ያለው ሥጋ አይሸትም» ብላ ያዘዘች የሺወርቅ ናት። ምሳ ላይ ቤቱ ጢም አለ። «እንኳን አደረሳችሁ» ተባባሉ፣ ጎረሱ፣ ተጎራረሱ። ከዚያ «አዝማሪው! አዝማሪው!» አሉ። ባንታየሁ በነጭ ሸሚዙ ተነሥቶ ጨርቁን ገፈፈ፣ እጀታውን ጠመዘዘ።

ሣጥኑ «ዱም ጫ ጫ፣ ዱም ጫ ጫ» አለ።

ደስተኛ፣ ወፍራም፣ ጉንጩ የቀላ የጀርመን ዳንኪራ ነበር። ጥርስ ሳይጎድለው ቤቱን ዞረ። ሰው ሁሉ ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አለ አንዱ።

«ጥርስ አስተከለና ዘመዱን ካደ!» አለ አወቀ። «ባንታየሁ፣ ሰውየውን ምን አድርገኸው ነው? ዜግነት ሰጡት እንዴ?»

«ጋሼ፣ ፖሌ ሳና» አለች ኤልሳቤት፣ በእውነት አዝና።

በሩ አጠገብ የተቀመጡት ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ሌላ ቤት ካሴት እንዳለ የሚንሾካሾኩም ነበሩ። የሺወርቅ ጭልፋዋን እንደያዘች ከማድ ቤት ብቅ አለች፤ የሚወጡትን አየች፣ ባንታየሁን አየች።

«ባንታየሁ፣ ዛሬ ፋሲካ ነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ተመልሳ ገባች።

ባንታየሁ ከመሣሪያ ሣጥኑ ፒንሳ አወጣ፤ ሳህኑን ከላይ አነሣና ሚዶውን ገላልጦ ለሕዝቡ አሳየ። «ወገኖቼ! ከነዚህ መሐል የኛ ያልሆኑ አሉ። እየነካሁ አሰማችኋለሁ፤ እናንተ ፍረዱ።»

የሚወጡት ተመልሰው ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ችሎት ናይሮቢ ውስጥ አያመልጥም።

ባንታየሁ አንዱን ጥርስ በጥፍሩ ቆነጠረ። «ትን።»

«የኛ ነው!» አሉ።

ቀጣዩን ቆነጠረ። «ትን።»

«እሱም የኛ ነው! ተው እንዳትነካው!»

እያለ እያለ እስከ ዳር ሄደ። ሁሉም የኛ ሆነ። ለካ ድምፅ ብቻውን ሲሆን አገር የለውም፤ ፈረንጅነቱም ሐበሻነቱም የሚታወቀው ከጎረቤቱ ጋር ሲቀመጥ ነው።

«እንዲህማ አይሆንም!» አለ አወቀ፣ ከረባቱን አላልቶ የዳኛነቱን ወንበር እየያዘ። «ሁሉን ነፃ የሚለቅ ችሎት የት አለ? ያቺ፣ ሁለተኛዋ፣ እንደ ፈረንጅ ትስቃለች። ትነቀል!»

«ከሷ ይልቅ ያ ስድስተኛው ነው የሚያስቀው» አለች ከጥግ አንዲት ሴትዮ።

«ሁለቱም ይነቀሉ! እንደነሱ የሚጮኹ ወንድሞቻቸውም አብረው!»

ባንታየሁ ዓይኑን ጨፈነና ፒንሳውን ጨበጠ። ቀጭ! ጥርሱ ሰሐን ላይ ወደቀ። ቀጭ! ሰዉ በእያንዳንዱ እንደራሱ ጥርስ አገጩን እየያዘ «ውይ!» ይላል። ህንዱ የተከላቸው ሁሉ ተረፉ፤ የረገፉት ከጥንት የነበሩት፣ ያላጠፉት ነበሩ። ችሎቱ ግን ይህን አላወቀም።

የብረት ሳህኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። እጀታው ተጠመዘዘ።

የወጣው ዳንኪራም አልነበረም፣ ትዝታም አልነበረም። ያዘነም የደነሰም የማይመስል፣ ወገቡን የያዘ፣ ትከሻውን የሚሰብቅ ሌላ ነገር ነበር። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «ጨርሰህ ገደልከው!» ሊል አወቀ አፉን ሲከፍት፣ ከማድ ቤት ጭልፋ መሬት ሲወድቅ ተሰማ።

«ባቲ!» አለች የሺወርቅ። «ባቲ ነው እኮ!»

እጇ እስከ ክርኗ በርበሬ እንደሆነ ወጣች። የባሏ ቀብር ላይ እንኳ ድምፅዋን ለሰው ሰጥታ የማታውቅ ሴት ናት። ሣጥኑ ፊት ቆመች፣ አንዴ ዞሮ እስኪመጣ ጠበቀችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ሣጥኑ ሳይሆን ወደ ባንታየሁ መለሰች።

«ተቀበል!» አለችው፦

«ሙሉ ጥርስ ያለው ሲስቅ አላማረኝ፣
የጎደለው መጣ ልቤን ሊያስቸግረኝ።»

ዕድሜ ልኩን ሰጪ የነበረ ሰው ተቀባይ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ባንታየሁ ሣጥኑን አየ፤ ሣጥኑ ሥራውን እየሠራ ነው። አወቀን አየ፤ አወቀ በአገጩ «በል እንጂ» አለው። አፉን ከፈተ። ድመቲቱ ከነገንቦዋ ወጣች። ሙሉውን ስንኝ፣ ቃል ሳይቀንስ፣ በባቲ ቅኝት፣ በዚያ ድምፁ ተቀበለ። ኤልሳቤት ጆሮዋን ይዛ አለቀሰች፤ በየትኛው ምክንያት እንደሆነ ራሷም አልለየችውም። የወጣ ሰው ግን አልነበረም፤ እንዲያውም «ይደገም!» ያለ አለ፣ ከወሎ የመጣ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

እንግዳው ሲሳሳ የሺወርቅ ሰሐን እየደራረበች፣ ቀና ብላ ሳታየው ተናገረች።

«ሽንኩርት አልቋል። ነገ ቶይ ገበያ ማልደህ ካልወጣህ ጥሩ ጥሩው ይወሰዳል።»

«ነገ?» አለ ባንታየሁ። «እትዬ የሺ፣ ነገ እኮ ከፋሲካ በኋላ ነው።»

«ሽንኩርት ፋሲካ አያውቅም» አለች። «እትዬ የምትለውንም ተወኝ። የሺ በለኝ።»

ባንታየሁ ዘንቢሉን ሊፈልግ ሄደ።